ደም ሥር የሌለው ሌንስ

ከመቐለ በስተምሥራቅ የምትገኘው ቁሓ በዓይን ሕክምናዋ ትታወቃለች። ብዙዎች ወደ ሆስፒታሏ የሚያቀኑት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ለማስገፈፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005–2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነትን ግማሽ ያህል ያመጣው ይኸው ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል።

ሞራው የሚጋርደው የዓይን ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ብርሃን በጥራት አያልፍበትም ነበር። ምግቡን የሚያገኘው ከከበበው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ያሉት አሚኖ አሲዶች ግን የሌንሱን ሕዋስ የስብ ሽፋን እንዲሁ ዘልቀው አይገቡም። በሽፋኑ ላይ የተሰኩ አጓጓዥ ፕሮቲኖች በር ይሆኑላቸዋል።

የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ሶዲየም ከሕዋሱ ውጭ ይበዛል፣ ውስጥ ያንሳል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አሚኖ አሲዱን ይዞት ይገባል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ያደረገው ፓምፕ ደግሞ ጉልበት እያወጣ ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ሶዲየም የማይሹ አጓጓዦችም አሉ፤ አንዱን አሚኖ አሲድ አስወጥተው ሌላውን ያስገባሉ።

ሌንሱ ግሉታሜት፣ ሲስቴይንና ግላይሲን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች አጣምሮ ግሉታቲዮን ይሠራል። ይህ ውህድ የሌንሱን ፕሮቲኖች ከኦክሲጅን ከሚመጣ ጉዳት ይጠብቃል። በዕድሜ ብዛት በሌንሱ መሃል ሲያንስ ፕሮቲኖቹ ይጓጎላሉ፣ ሌንሱም ይደበዝዛል። ያኔ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ የደበዘዘውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።