የድሮ መልክ ያለው ካሜራ ዳስ ደጃፍ ላይ

በጥር የሠርግ ሰሞን ሞጣም ሆነ ብቸና የሚሠራ ፎቶ አንሺ ክፉኛ የሚፈተነው ዳስ ደጃፍ ላይ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ የቀትር ፀሐያቸው ያጥበረብራል፤ ደጅ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ዳሱ ውስጥ ግን ብርሃኑ መቶ እጥፍ ሊያንስ ይችላል። በካሜራ አንድ ደረጃ ማለት የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነውና፣ ልዩነቱ ሰባት ደረጃ ያህል ነው። ሚዜዎቹ ደግሞ እየጨፈሩ ይገባሉ እንጂ ቆመው አይጠብቁም።

ሰባቱንም ደረጃ ከሹተር ፍጥነት እናምጣ ብንል ከ1/1000 ሰከንድ ወደ 1/8 እንወርዳለን፤ እስክስታ የሚመታ ትከሻ በዚህ ፍጥነት ጭጋግ ይሆናል። ሹተሩን 1/250 ላይ አቁመን የቀሩትን አምስት ደረጃዎች ከአይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ካለው ስሱነት፣ እንወስዳለን፤ ከ100 ወደ 3200 ማለት ነው።

ጥያቄው ካሜራው ይህን ለውጥ በቅጽበት ያስችላል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኒኮን ዜድ ኤፍ የተባለው ካሜራ መልኩን የወረሰው ከ1982ቱ የፊልም ካሜራ ከኤፍ ኤም 2 ነው። እውነት ለመናገር በጣም ያምራል። ይሁን እንጂ የኤፍ ኤም 2 ቅርጽ ለውበት ብቻ የተሳለ አልነበረም። የሹተሩ ማዞሪያ አናቱ ላይ የተቀመጠው ከሥሩ ካሉት ጥርሶችና ምንጮች ጋር ስለተያያዘ ነው። አይኤስኦውም እዚያው ማዞሪያ ላይ ጠርዙን ከፍ አድርገው የሚያስተካክሉት ነበር። ቢያስቸግርም ማንንም አልጎዳም፤ አንዴ ፊልም ከገባ 36ቱ ፎቶ እስኪያልቅ አይኤስኦ አይነካምና። ዳስ ውስጥ ፍላሽ ነበር የሚያወጣው።

ዛሬ አይኤስኦ በየፎቶው ይቀየራል። ዜድ ኤፍ ግን ማዞሪያውን በግራ በኩል፣ ያውም ከነመቆለፊያው አስቀምጦታል። ሌንሱን የደገፈው ግራ እጅ መልቀቅ አለበት። 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ረጅም ሌንስ ከተገጠመ ደግሞ ሸክሙ በሙሉ በቀኝ ጣቶች ላይ ይወድቃል፤ ጠፍጣፋው አካል መዳፍን የሚሞላ መጨበጫ የለውምና። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1986 ቲ90 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ይህን ችግር በሚገባ አስቦበታል፤ ቁጥር ያልተጻፈበት ጎማ ከሹተሩ ቁልፍ አጠገብ አድርጎ፣ ዓይን ከመመልከቻው ሳይነሣ በአመልካች ጣት እንዲዞር አደረገ።

ከድሮው ስልት እኔ የምከራከርለት አንድ ነገር አለ፤ ቁጥር የተጻፈበት የብርሃን ማካካሻ ማዞሪያ። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ የካሜራውን ብርሃን መለኪያ ያሳስተዋል፤ መለኪያው ትዕይንቱን መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ሲሞክር ፊቶቹ ይጠቁራሉ። ወደ +1 ማዞር ያስተካክለዋል፤ ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ትናንት የት እንደተተወ ማዞሪያው ላይ ይነበባል።

ዜድ ኤፍን የወደደ ሰው የአይኤስኦውን ማዞሪያ «ሲ» (C) የሚለው ምልክት ላይ አቁሞ በጣት ጎማ ሊያዝዘው ይችላል፤ ከሥር በብሎን የሚታሰር መጨበጫም ለብቻው ይሸጣል። ለመግዛት የሚሄድ የሠርግ ፎቶ አንሺ የሚሠራበትን ሌንስ ይዞ ይሂድ፤ ገጥሞ፣ ዓይኑን መመልከቻው ላይ አድርጎ፣ አይኤስኦን ከ100 ወደ 3200 ይውሰድ።