ሕፃኑ ሲቁነጠነጥ

በመቱና በጎሬ ዝናቡ ብዙ ነው። በክረምት የታጠበ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ከሱቅ የሚገዛው ዳይፐር ደግሞ ብር ይፈልጋል። ታዲያ እናት ምን ታድርግ? እኛ ተማሪዎች ለማስተማር መጥተን ይህን ከእናቶች ተማርን።

ሕፃን አፍ ባይፈታም ምልክት ይሰጣል። ይቁነጠነጣል፤ ያምጣል፤ ወይም ድንገት ዝም ይላል። ከእንቅልፉ ሲነቃና ጡት ሲጠባ ብዙ ጊዜ ይመጣበታል። ሆድ ምግብ ሲገባበት አንጀት ይንቀሳቀሳልና ነው። ያን ጊዜ እናት እግሯን ዘርግታ በመካከሉ ታስቀምጠዋለች። ጀርባውንና አንገቱን ደግፋ «ሽሽ» ትለዋለች። ካልመጣ ታነሣዋለች እንጂ አትቆጣውም። ብዙ ልጆች ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት 2 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዱላ ከንቱ ነው።

«የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል! ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስያን ይኖርበታል። ዝንብ ወደ ምግብ፣ ጎርፍ ወደ ምንጭ ያደርሰዋል። ተቅማጥ ደግሞ ሕፃን ይገድላል። እንግዲያው ሽንት ቤት እንድፋው። እጃችንንም በሳሙና፣ ከሌለም በአመድ እንታጠብ።

ጥያቄ፦
1. ሕፃን ምን ምን ምልክት ይሰጣል?
2. ዓይነ ምድሩን የት እንደፋለን? ለምን?