በለይቶ ማቆያ የተያዙ ፋይሎች ሳይጣሩ መሰረዝ የለባቸውም

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም የሚገኙት በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ምዕራብና ሰሜን ነው። አንድ ባለሙያ በቫይረስ ምክንያት ሦስቱንም በየጊዜው ማዳረስ ይከብደዋል። በመሆኑም እንዲህ ለተራራቁ መሥሪያ ቤቶች የጸረ-ቫይረስ ሥራን በኔትወርክ ከአንድ ማዕከል መምራት ጠቀሜታው የጎላ ነው።

ጸረ-ቫይረስ የተጠራጠረውን ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አያጠፋም፤ እንዳይሠራ አድርጎ በለይቶ ማቆያ ያስቀምጠዋል። ለማዕከሉ የሚደርሰው የፋይሉና የኮምፒዩተሩ ስም እንዲሁም የተያዘበት ጊዜ ሲሆን፣ ፋይሉ ራሱ በአብዛኛው እዚያው በሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ይቆያል። መብራት ወይም መስመር ከተቋረጠ ከማዕከል የተላለፈው ትእዛዝ የሚፈጸመው ግንኙነቱ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ታዟል ማለት ተፈጽሟል ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚያሰጋው ዝርዝሩን ሳያዩ በጅምላ መሰረዝ ነው። ማክሮ ያለው የደመወዝ ሰነድ በስህተት ሊያዝ ይችላል፤ ሌላ ቅጂ ከሌለውም በዚያው ይጠፋል። ስህተቱ ከአምራቹም ሊመጣ ይችላል። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ማካፊ የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ መሠረታዊ ፋይል እንደ ቫይረስ በመቁጠሩ፣ በተለያዩ አገሮች ኮምፒዩተሮች በተደጋጋሚ እየጠፉ ሲነሱ ውለዋል።

መመለስም የራሱ አደጋ አለው። ሠራተኛው "ፋይሌ ጠፋብኝ" ብሎ ስለደወለ ብቻ የተለቀቀ ቫይረስ በጋራ ፎልደር አማካይነት ወደ ሌሎች ቢሮዎች ሊዛመት ይችላል። ባለሙያው አስቀድሞ ጸረ-ቫይረሱን አድሶ ፋይሉን ዳግም መፈተሽ፣ ከኔትወርክ በተለየ ኮምፒዩተር መሞከርና የፈቀደውን ኃላፊ ስም መመዝገብ ይኖርበታል።