ከጨው የሚሠራው ባትሪ ስንት ይይዛል? ስንት ዓመትስ ይቆያል?



በቅርቡ ለሥራ ወደ አንድ ቤተሰብ ሄጄ ነበር። ልጃቸው የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ባትሪ ከመውጫው በር ሥር ሰክቶ ተኝቷል። እናትየው፣ «እኅቴ፣ ይህ ነገር ቤት ያቃጥላል ይባላል። ከጨው የተሠራ፣ የማይቃጠል መጥቷል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ጨው በአገራችን አሞሌ ሆኖ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። በውስጡ ያለው ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር ዛሬ ባትሪ ይሠራበታል። ሶዲየም በየባሕሩ ሞልቷል፤ በብስክሌታችሁ ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ግን እንደዚያ አይገኝም።

ችግሩ ክብደት ነው። የሶዲየም አቶም ከሊቲየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሰፊም ነው። ባትሪ ስትሞሉ ቅንጣቶቹ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ስትጠቀሙበት ይመለሳሉ። ሊቲየም የሚያርፍበት ግራፋይት፣ ማለት በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር፣ ለሶዲየም አይመችም። በ2000 እ.ኤ.አ. ስቲቨንስና ዳን የተባሉ በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ንብርብሩ ያልተስተካከለ «ጠንካራ ካርቦን» ሶዲየምን በደንብ እንደሚይዝ አሳዩ። መንገዱ የተከፈተው በዚህ ነው።

የቻይናው ሲ ኤ ቲ ኤል ኩባንያ በ2021 ያስተዋወቀው የሶዲየም ባትሪ በአንድ ኪሎ 160 ዋት-ሰዓት ይይዝ ነበር። በ2025 ደግሞ 175 ደረስኩ፣ ከ10,000 ጊዜ በላይም ይሞላል አለ። ይህን የተናገረው ሻጩ ራሱ መሆኑን አትርሱ። ጥሩ የሚባሉት የሊቲየም ባትሪዎች 250 ይደርሳሉ። 500 ዋት-ሰዓት ለሚፈልግ ብስክሌት በአንዱ 2 ኪሎ፣ በሌላው ወደ 3 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። አራተኛ ፎቅ ተሸክሞ ለሚወጣ ልጅ ልዩነቱ ይሰማዋል።

ዕድሜውስ? ሶዲየሙ በገባና በወጣ ቁጥር ማደሪያው ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ውሎ አድሮ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ለዚህም ማግኒዥየም ወይም ቲታኒየም በጥቂቱ ይቀላቅሉበታል፤ ላዩንም በስስ ሽፋን ይለብጡታል። ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ዓይነት ብዙ ይቆያል፤ የሚይዘው ኃይል ግን ያነሰ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት ነው ሊቃውንቱን ያስቸገረው።

ለእናትየው የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ አዎ፣ መጥቷል፤ «የማይቃጠል» የሚለው ግን እውነት አይደለም። በአብዛኞቹ የሶዲየም ባትሪዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ሊቲየሙ ሁሉ የሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ የትኛውንም ባትሪ ተኝታችሁ ሳለ አትሙሉ፤ በመውጫ በር አጠገብም አታስቀምጡ። እሳት ከተነሣ መሸሻችሁ እሱ ብቻ ነው። አብሮት በመጣው ቻርጀር ብቻ ሙሉት። ያበጠ ወይም የወደቀ ባትሪ አትሰኩ። ጭስ ካያችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ወደ 102 ደውሉ፤ ዕብራይስጡ ባይሞላላችሁም የከተማውን፣ የመንገዱንና የቤቱን ቁጥር መናገር ይበቃል።

ልጁ ሲነቃ ትንሽ አጉረመረመ፤ ባትሪውን ግን ከበሩ ሥር አነሣው።