ዱላውን ማን ይቀበላል?

የሯጭ አገር ልጆች ሆነን ዱላ ቅብብልን እንንቃለን። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሲሆን ቡና ቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ይሰበሰባል፤ ቅብብሉ ሲጀመር ግማሹ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሴቶቻችን በ1996 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ፣ በ1998 ደግሞ ማናውስ ላይ የማራቶኑን ርቀት ለስድስት ተካፍለው የዓለም የጎዳና ቅብብል ሻምፒዮን እንደነበሩ ስንቱ ያስታውሳል? በ2019ም ዴንማርክ ላይ በአገር አቋራጭ ድብልቅ ቅብብል ወርቅ አምጥተናል። እሱም ተረስቷል።

እኔ አብልጬ የምወደው ቅብብል ግን ሜዳሊያ የሌለው ነው። ብሉ ፕላኔት ራን ይባላል። ግንቦት 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ኒውዮርክ ከሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተነሥቶ፣ እኛ ለሚሊኒየሙ በዓል ጉድ ጉድ ስንል፣ ነሐሴ 29 ቀን እዚያው ኒውዮርክ ተመልሶ ገባ። በ95 ቀን 16 አገር አቋርጧል፤ የተሮጠውም ከ24,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 20 ሯጮች በየተራቸው በቀን 16 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጡ፣ አውሮፓን፣ ሩሲያን፣ ሞንጎሊያን፣ ቻይናንና ጃፓንን አልፈው አንዲት ዱላ ዓለምን አዞሩ። (ውቅያኖሱን በአውሮፕላን ነው የተሻገሩት፤ የሚጠይቅ አይጠፋም።) ዓላማው በጊዜው ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ንጹህ ውሃ እንደማያገኝ ለዓለም ማሰማት ነበር።

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ገቡ?» ብሎ ነው። ዱላ ቅብብል የፈጣን ሯጮች ድምር ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ በ4 በ100 ሜትር በወንዶችም በሴቶችም ከማጣሪያው ባልወደቀች ነበር። ፈጣን ሰው አላጣችም፤ በሁለቱም ውድድር ዱላዋ መሬት ላይ ወደቀ እንጂ። ዱላዋ 30 ሴንቲ ሜትር አትሞላም፤ ክብደቷ 50 ግራም ቢሆን ይበቃል። በዚህ ርቀት 30 ሜትር በምታህል ክልል ውስጥ መተላለፍ አለባት። ሰጪው ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ተቀባዩ ወደ ኋላ ሳያይ እጁን ዘርግቶ፣ ሁለቱም እኩል እየሮጡ። ልምምድ ላይ አይታችሁ እንደሆነ አሠልጣኙ የሚጮኸው እዚህች ክልል ላይ ነው፤ የቀረውን ሩጫማ እግር ይጨርሰዋል።

የዚህን ነገር ምሥጢር አብዝተው የተረዱት ጃፓኖች ናቸው። ኤኪደን በሚሉት የረጅም ርቀት ቅብብል ዱላ የለም፤ በትከሻና በብብት የሚታሰር ጨርቅ ነው የሚቀባበሉት። ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የሃኮኔ ኤኪደን የየዩኒቨርሲቲው አሥር አሥር ተማሪዎች በሁለት ቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ቡድኑ ከመሪው ከተወሰነው ደቂቃ በላይ ከዘገየ ተረኛው ሯጭ ሳይጠብቅ እንዲነሣ ይታዘዛል፤ ሌላ ጨርቅ ይታሰርለታል። ከኋላ የሚመጣው ልጅ የቡድኑን ጨርቅ ከትከሻው ፈትቶ፣ በእጁ ጨብጦ ይደርሳል፤ የሚቀበለው ግን የለም። ብዙዎቹ እዚያው ወድቀው ያለቅሳሉ። ከመሸነፉ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ደጋ፣ ከአስከተማ ወጣ ብላችሁ ጠዋት መንገድ ዳር ብትቆሙ ቅብብል ታያላችሁ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ዳገቱ መካከል እናት ድንጋይ ተደግፋ ጎንበስ ትላለች፤ ልጇ ከኋላ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ደግፋ ገመዱን ከእናቷ ትከሻ ወደ ራሷ ታሻግረዋለች። ጠብታ አይፈስም። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ የሚያጨበጭብላቸውም የለም።

እዚያው አካባቢ አንድ የእጅ ፓምፕ ሲጠገን ቆሜ አይቻለሁ። አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እስከ 45 ሜትር ከሚጠልቅ ጉድጓድ ውሃ ያወጣል፣ ለ300 ሰው ያህል እንዲበቃ ታስቦ የተሠራ። የማደንቀው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ መቀየሱን ነው። የውሃ ኮሚቴዋ ሴት በአንዲት መፍቻ ክዳኑን ከፈተች፣ እጀታውን አነሣች፣ ዘንጉን እየነቀለች አወጣችና ፒስተኑ ላይ ያለችውን ያለቀች ጎማ አሳየችኝ። ትንሽ ነገር ናት። እሷ ስታልቅ እጀታውን ምንም ብታንገላታው ውሃው አይወጣም። አዲሷን ጎማ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አስገባች። «ከወረዳ ያመጣሁት ነው፤ ባይኖር ወደ ወንዝ እንመለስ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ የውሃ ፕሮጀክት የሚወድቀው እዚህ ነው። ቁፋሮው ያምራል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ የርክክብ ፎቶ ይነሣል፤ መለዋወጫውንና መፍቻውን ማን እንደተቀበለ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የብሉ ፕላኔት ሰዎች ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ የውሃ ድርጅቶች አንዱ የሌላውን ፕሮጀክት በግልጽ የሚገመግሙበትንም ሥርዓት አቋቁመዋል። ጋዜጦች ሩጫውን ዘገቡ፤ እኔ ግን ከሩጫው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። በአገራችንም በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ሲነሣ ንጹህ ውሃን አብሮ የያዘው በከንቱ አይደለም፤ ተቅማጥ ባልቆመበት ምግብ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ለሁለት ዓይነት ሰዎች ቅር ያለኝን ልናገር። አንደኞቹ የፓምፑን እጀታ ልጆች ሲንጠለጠሉበት እያዩ የሚያልፉ ናቸው፤ የእጀታው ማረፊያ ያለ ጊዜው የሚያልቀው እንዲህ ነው። ሁለተኞቹ እኛው የአዲስ አበባ ሯጮች ነን፤ «ውሃ ሕይወት ነው» የሚል ካናቴራ ለብሰን ግማሹን ያልጠጣነውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አስፋልት ላይ እንጥላለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለንጹህ ውሃ ሩጡ ተብላችሁ ካናቴራ ስትገዙ አዘጋጁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ገንዘቡ ከሚያስቆፍረው ጉድጓድ አጠገብ መፍቻውን የምትይዘው ማን ናት? ስሟን ከነገራችሁ ክፈሉና ሩጡ።