ስድስት ሻማ፣ ስድስት እንግዳ

ፍራንክፈርት (ጀርመን)

የልጅ ልደት ማክበር "የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል አባት ዛሬም በመካከላችን አይጠፋም። ስለ ሻማውና ስለ ኬኩ ከሆነ እውነት አለው። ባለቅኔው ጎተ የተወለደው እዚሁ ፍራንክፈርት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1749 ነው። 52ኛ ዓመቱን በ1801 ጎታ በምትባል ከተማ ሲያከብር፣ ሃምሳ ያህል ሻማ የበራበት ትልቅ ኬክ እንደቀረበለት ራሱ ጽፎታል። በልደት ኬክ ላይ ስለሚበራ ሻማ ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ይኸው ነው። እንግዲህ እኛ ልጆቻችንን ሻማ "እፍ" የምናሰኘው በባለቤቶቹ አገር ነው ማለት ነው!

በእኛ አገር ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ሰፈር ይጠራል፤ ድፎ ይቆረሳል፤ ይመረቃል። ያልተለመደው ከዚያ በኋላ ቀኑን በየዓመቱ መቁጠር ነበር። በየዓመቱ የሚከበር ልደት ከተባለ የጌታችን፣ የእመቤታችን፣ የነቢዩ መሐመድ... ደርግ ዙፋኑን እስኪገለብጥ ድረስ ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን የንጉሡ። የድሀ ልጅ ልደት ማን ይቆጥራል? የእኔ ዘመን እናት "ልጅሽ መቼ ተወለደ?" ስትባል "አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ ጤፍ ሲታጨድ" ትል ነበር። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ በስደት ወረቀቱ ላይ "ጃንዋሪ 1 ቀን የተወለደ" የሆነው ወገናችን ብዙ ነው። የአዲስ ዓመቱ ርችት ለእኛ የሚተኮስ እየመሰለን እንጽናናለን።

የልጆቻችን ነገር ሌላ ነው። ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ሕፃን በሚሰጡት ቢጫ ደብተር ላይ ክብደታቸው ሳይቀር በግራም ተጽፏል። ቀናቸውን ያውቃሉ፤ በመዋዕለ ሕፃናቱ የወረቀት ዘውድ ተደፍቶላቸዋል፤ ቤት ሲመጡ "የእኔስ ድግስ?" ይላሉ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ማን ይጠራ? ጀርመኖች ቀላል ልማድ አላቸው፤ ልጁ ስንት ዓመት ከሞላው ያን ያህል ልጅ ይጠራል። ለስድስት ዓመት ስድስት እንግዳ። ካርዱ ላይ መጀመሪያውም መጨረሻውም ሰዓት ይጻፋል፤ ከ15 እስከ 18 ሰዓት። (የእኛ ሰው ለመምጣት የሚነሳው በ18 ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።) ቀኑ ወደ ቅዳሜ ከተዛወረ ደግሞ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሁን። ከቀኑ አስቀድሞ "እንኳን አደረሰሽ" ማለት እዚህ እንደ መጥፎ ገድ ይቆጠራል።

የቁጥሩ ልማድ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ከተከፈተ ወዲህ፣ በማውቃቸው ቤቶች የልደት ጥሪ ሳይቀር በወገን ተከፍሏል። ሁለት ሕፃናት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ በአንድ ጠረጴዛ ይውላሉ። አንደኛዋ ልደቷ ሲደርስ የጓደኛዋን ስም በመጀመሪያ ጠራች። ወላጆቿ ዝም ብለው ዘለሉት። በዕለቱ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ሄደች፤ ኋላም በጀርመንኛ "ታማ ነው?" ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። የተዋጉት ወገኖች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራርመዋል። ፍራንክፈርት ያሉት ሁለቱ እናቶች ግን እስካሁን አልተፈራረሙም። በ2023 ደግሞ የአማራ ክልሉ ጦርነት ሌላ ስንጥቅ ጨመረበት።

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነቴ ዘመን የስም ዝርዝር ከላይ ተሰርዞ ሲወርድ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ልጃችን ስድስት ዓመት ሲሞላት በቤታችን ሕግ አወጣን፤ ስሙን እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማንም አይሰርዝም። ሁለት ጀርመኖች፣ አንድ ቱርክ፣ አንዲት የኤርትራ ልጅ፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ። ስድስተኛዋ አባቷ ከእኔ ጋር ሰላምታ ካቆመ ሦስት ዓመት የሆነው። ጻፍኩ።

ልደቱ ሁዳዴ ላይ ዋለ። እንቁላልና ቅቤ የገባበት ኬክ ለትልቆቹ አይሆንም፤ ልጆቹ ግን ገና 7 ዓመት ስላልሞላቸው ጾሙ አይመለከታቸውም። ባለቤቴ ኬኩን ለልጆቹ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበትን ድፎ ለሁሉም ጋገረች። ኮባ ስለሌለ በብራና ወረቀት ነው። የጀርመን ልጆች የሚወዱት የሚለጠጠው ከረሜላ አብዛኛው ከአሳማ የሚወጣ ጄላቲን አለበት፤ ለእኛም ለሙስሊሞቹም ስለማይሆን ፓኬቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ፈንዲሻ ግን ሁሉንም ያስታርቃል። ቡናውን በሩን ዘግታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ማድ ቤት ቁሉት፤ እጣኑንም እዚያው። በሄሰን ክፍለ ሀገር ከ2014 መጨረሻ ወዲህ በመኝታ ክፍልና በመተላለፊያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ እሱ ደግሞ እጣን አያውቅም።

ለትልቆቹ ሥራ መስጠት "ፖለቲካ አታውሩ" ከማለት ይሻላል። እኔና የቱርኩ አባት "ቶፕፍሽላገን" የሚሉትን ጨዋታ ያዝን። የልጁ ዓይን ይታሰራል፤ በእንጨት ማንኪያ ወለሉን እየመታ የተደፋውን ድስት ይፈልጋል፤ ሌሎቹ "ቀዝቃዛ! ሞቅ ያለ! ትኩስ!" እያሉ ይመሩታል። ከድስቱ ሥር ያለው ስጦታ የእሱ ነው። የእኛ ልጅ በአማርኛ "ትኩስ! ትኩስ!" ስትል ስድስቱም ቃሉን ይዘውት ጮሁ። ለሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሳስቆጥር እንዲህ ያለ ጉጉት አላየሁም።

ልክ 18 ሰዓት ላይ ጀርመኖቹ ወላጆች በር ላይ ነበሩ። የስድስተኛዋ ልጅ አባት በመጨረሻ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "ጫማዋን አድርጉላት፣ ልሂድ" አለ። ልጁ ግን ሁለተኛ ቁራሽ ዳቦ ይዛ ተቀምጣለች። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር፤ ባለቤቴ "ገና አቦል ነው፣ ይግቡ እንጂ" አለችው። ገባ። ስለ አገር ቤት አላነሳንም። ሁለቱም ልጆች ከበጋው እረፍት በኋላ አንደኛ ክፍል ይገባሉ፤ አንድ ክፍል እንዲመደቡ ወላጅ መጠየቅ ይችላል። ማመልከቻውን እኔ እንድጽፈው፣ ሁለታችንም እንድንፈርምበት ተነጋገርን።