የተዘጋው ሳሎን

ሮም ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጣሊያኖቹ «ባዳንቴ» ይሉናል። እስካሁን የስድስት ቤተሰብ ቁልፍ እጄ ገብቷል፤ በስድስቱም ቤት አንድ የተዘጋ ክፍል አግኝቻለሁ።

የተዘጋው ሳሎኑ ነው። ሶፋው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ በመስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ የሠርግ ሳህን፣ ከዘመድ ሠርግና ክርስትና የመጡ ትናንሽ የብር ዕቃዎች ተደርድረዋል። የሚከፈተው ቄስ ወይም ዶክተር ሲመጣ ነው። እናቴም ለእንግዳ ካልሆነ የማታወጣው ስኒ ስለነበራት ነገሩ ቶሎ ገባኝ።

ኑሮው ያለው ማዕድ ቤት ነው። ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ራዲዮ፣ የመድኃኒት ሣጥን፣ ከቅዱሱ ፓድሬ ፒዮ ምስል ጎን የሟች ባል ፎቶ። ልጅ የሚመከረውም፣ የመብራት ሒሳብ የሚታየውም፣ ሐዘን የሚወራውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። እሑድ ሰባት ሰዓት ልጆች ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሩቅ አይኖሩም፤ አቅም ያለው ወላጅ እዚያው ሕንፃ ላይ ወይም ከመንገዱ ማዶ ቤት ይገዛላቸዋል።

አሁን የምንከባከባቸው ሲኞራ 88 ዓመታቸው ነው፤ የመርሳት ሕመም አለባቸው። የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው ቀን አለ። ሞካዋን ግን አይረሷትም። ሞካ አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣት ባለ ስምንት ማዕዘን የአሉሚኒየም የቡና ማፍሊያ ናት። ሲኞራ ውኃውን በጎኗ እስካለው ቫልቭ ይሞላሉ፤ የተፈጨውን ቡና በማንኪያ ይከምራሉ እንጂ አይጠቀጥቁትም፤ እሳቱን ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ማጉረምረም ስትጀምር ያጠፋሉ። እጃቸው ተሳስቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ልጆቻቸው በቀና ልብ ቤቱን አደሱት። ገንዳውን አንስተው ሻወር አስገቡ፤ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎን ያለውን መታጠቢያ፣ ቢዴውን፣ ግን አልነኩም። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ቢዴ እንዲኖረው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ የሚኒስቴር ድንጋጌ ታዟል፤ ባይታዘዝም ቢዴ የሌለው ቤት ለጣሊያን ቤት አይባልም። ጋዙን ነበልባል በሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በኢንዳክሽን፣ መተካታቸውም ትክክል ነበር፤ ለእሳቸው እሳት አደገኛ ነው። ነገር ግን ኢንዳክሽን አሉሚኒየም አያሞቅም። ሞካዋ ተነሥታ በቦታዋ ባለ ቁልፍ የቡና ማሽን ተቀመጠ፤ ጠረጴዛውም ወጣ።

ለሦስት ሳምንት ሲኞራ ቡና አላፈሉም። ሌሊት እየተነሡ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ቆመው «ልጄ፣ ቤቴ ውሰጂኝ» ይሉኝ ነበር።

ልጆቻቸውን ለመንኩ። ጠረጴዛው ከነላስቲኩ ከምድር ቤት ተመለሰ። መልኳ ያው የሆነ፣ ታችዋ የብረት የሆነ፣ በኢንዳክሽን የምትሠራ ሞካ ገዙ። ከዕቃ ማጠቢያው በስተግራ፣ የዱሮዋ ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ጠዋት ሲኞራ ምንም ሳይሉ ውኃ ሞሉባት።

ሐሙስ ከሰዓት በእረፍታችን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ፣ አዲስ ሥራ የያዙ እህቶች ከምን ልጀምር ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ሳምንት አንዲትም ዕቃ ከቦታዋ አታንሡ። ሞካዋ የት እንደምትቀመጥ ጠይቁ፤ ጠዋት ቡናውን ማን እንደሚያፈላም ጠይቁ፤ የሚያፈሉት አረጋዊቷ ከሆኑ እሳቸው ያፍሉ፣ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ።